የእማዬን ታሪክ በአንድ ሌሊት ጻፍኩት

እማዬ ያረፈችው ሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ነው። ቀብሯ በማግስቱ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ፤ እኔ ጓዳ በርጩማ ላይ ተቀምጬ በስልኬ ብርሃን የሕይወት ታሪኳን እጽፋለሁ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ላይ የሚነበብ ነው።

የአባቷንና የእናቷን ስም ጻፍኩና ቆምኩ። በስንት ዓመተ ምሕረት ነው ነርስ የሆነችው? የመጀመሪያ የሥራ ቦታዋ የት ነበር? አስተማሪ ከመሆኗ በፊት ስንት ዓመት ገጠር ሠራች? አሜሪካ ያለው ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንቺ አይደለሽ አጠገቧ የነበርሽው» አለኝ። እውነቱን ነው። አስራ አራት ወር ሙሉ አጠገቧ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ልጇ ነበርኩ።

ይህን የምጽፈው እናት ወይም አባት በሕይወት ላላችሁ ነው። በተለይ ደግሞ ቤት ውስጥ ታማሚ ላላችሁ። እኔ የሠራሁትን ስህተት ሁሉ አልዘረዝርም፤ ዋና ዋናዎቹን ብቻ።

የመጀመሪያውን የሠራሁት አዲስ አበባ ሆኜ በስልክ ነው። የካቲት 2010 አንድ ጠዋት፣ ጎንደር ከእማዬ ጋር የምትኖረው ልጅ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ ፊታቸው ተጣመመ፤ የሚሉትም አይሰማም።» ጎረቤት ተሰብስቦ ምች ነው ብሏል። ዳማከሴ እየተጨመቀ ነው። እኔም በሩቁ ሆኜ «እንግዲህ ምች ከሆነ ይሻላታል፣ እስከ ማታ እንይ» አልኩ። የነርስ ልጅ ነኝ እኮ! ውኃ ሊያጠጧት ሲሞክሩ ትን ብሏት ልትሞት ነበር። ሆስፒታል የደረሰችው ማታ ነው። ስትሮክ ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር ያዙልኝ። ፊት በድንገት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተንተባተበ፣ ምች ይሁን አይሁን ሐኪም ይንገራችሁ። ዳማከሴው ይደርሳል። ስትሮኩ የመጣው የአንጎል ደም ሥር በረጋ ደም ተዘግቶ ከሆነ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። በአገራችን በብዙ ቦታ አይገኝም፤ ቢሆንም ቶሎ መድረስ ለሌላውም ሕክምና ይጠቅማል። መቼ እንደጀመራት ሰዓቱን ጻፉ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። እና በአፏ ምንም አትስጧት። ውኃም፣ ጠበልም ቢሆን፣ መዋጥ መቻሏ እስኪታይ።

በኋላ መሳቢያዋን ስከፍት የደም ግፊት መድኃኒቷን አገኘሁት። የሦስት ወር ነው የተገዛው፤ ሁለተኛው ወር ሳይጋመስ ከግማሽ በላዩ የለም። ጉድ አልኩ፤ አብዝታ እየወሰደች ነበር እንዴ? አይደለም። ልጅቷ አለቃቅሳ ነገረችኝ፦ ታች ሰፈር መግዣ ላጣች አንዲት ሴትዮ ታካፍላት ነበር። «ከእኔ እሷ ትብሳለች» እያለች። ለሴትዮዋ ሁልጊዜ፣ ለራሷ ሲያመቻት። በየሳምንቱ ስደውል «መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» እላት ነበር። «እንዴታ!» ትለኛለች። መጠየቅ ብቻውን ዋጋ የለውም። ቁጠሩት። ሐኪምና ነርስ የሆኑ ወላጆች ካሏችሁ ደግሞ ሁለት ጊዜ ቁጠሩ።

ሥራዬን ትቼ ጎንደር ገባሁ። እማዬ ቀኝ ጎኗ አይንቀሳቀስም። ከንግግሯ የቀረላት አንድ ቃል ነው፤ «እሺ»። ውኃ ስትፈልግ እሺ። ስትናደድ እሺ። አይሆንም ለማለት ራሷን እየነቀነቀች እሺ። አርባ ዓመት የሚጠጋ ስትናገር የኖረች፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ጸጥ የምታሰኝ ሴት።

የመጡት ሁሉ እንደ ሕፃን ያናግሯት ጀመር። «እማምዬ፣ በላሽ? ጎሽ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ስለ እሷ ይጠይቁኛል፤ እዚያው ፊቷ። እኔም እመልሳለሁ። ጭንቅላቷ ሁሉን እንደሚሰማ የገባኝ በሁለተኛው ወር ነው። አንድ ቀን የአክስቴ ልጅ ልታነሳት ብላ የዛለውን እጇን ይዛ ሳበችው። እማዬ በግራ እጇ ጥፊ የሚመስል ነገር አሳረፈችባት። ከዚያ ጣቷን ቀስራ የራሷን ትከሻ፣ ቀጥሎ ወገቧን አሳየችን። ከትከሻ ሥር ያዙ፣ እጅ አትሳቡ ማለቷ ነው። በኋላ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውም ይህንኑ ነገረን። የዛለ እጅ ሲሳብ ትከሻው ከቦታው ይወጣል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ትምህርት ቤት ሆነ ብል ማጋነን አይደለም። አንሶላ ስቀይር አይኗ ከእጄ አይለይም። የፍራሹን ማዕዘን ዝም ብዬ ከወተፍኩት «እሺ!» ትላለች በቁጣ። አወጣዋለሁ። እንደገና። በአርባ አምስት ዲግሪ ታጥፎ፣ ከሥር ገብቶ፣ ተወጥሮ፤ የሆስፒታል አልጋ አነጣጠፍ። አንድ ጊዜ አምስቴ አስደገመችኝ። በመጨረሻ በመዳፏ ዳበስ አደረገችውና አይኗን ጨፈነች። ያንን ማጠፊያ ዛሬም የልጆቼን አልጋ ሳነጥፍ እጄ ራሱ ይሠራዋል። በየሁለት ሰዓቱ ጎኗን ማገላበጥንም እንዲሁ በግድግዳው ሰዓት ነው ያስተማረችን። ሰዓቱ ሲደርስ ተኝተን ከሆነ የአልጋውን ብረት በቀለበቷ ታንኳኳለች። አስራ አራት ወር ተኝታ ገላዋ አልቆሰለም። ምስጋናው የእኔ አይደለም፤ የራሷ ነው።

ሌላም ነበራት። አጠገቧ ስቀመጥ የእጄን አንጓ ትይዝና ሁለት ጣቷን ታሳርፋለች። አይኗ ግድግዳው ሰዓት ላይ። አንድ ደቂቃ ሙሉ። ከዚያ ትለቀኛለች። ስንት እንደቆጠረች ልትነግረኝ አትችልም።

አንድ እሑድ ደግሞ የንስሐ አባቷ መጥተው «አባታችን ሆይ» ብለው ሲጀምሩ፣ እማዬ ተቀበለች። ከ«በሰማያት የምትኖር» እስከ «አሜን»፣ አንድ ቃል ሳይዘነጋት! ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። እኔም ዳነች ብዬ አለቀስኩ። ጸሎቱ ሲያልቅ «እማዬ፣ እኔ ማን ነኝ?» አልኳት። «እሺ» አለች። ባለሙያው ቆይቶ አስረዳኝ፦ በቃል የተያዘና በዜማ የሚባል ነገር፣ አዲስ ዓረፍተ ነገር ከሚሰካበት መንገድ በሌላ በኩል ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ንግግሩ የጠፋ ሰው ካላችሁ አብራችሁት ዘምሩ፣ ጸልዩ፣ ቁጠሩ። ለእሱም ትልቅ እፎይታ ነው። ግን «ይኸው ይችላል፣ አውቆ ነው» እንዳትሉት። አንድ ዘመዳችን እንደዚያ ብሎ ልቧን ሰብሮታል።

አሁን ወደ ዋናው ስህተቴ ልምጣ።

ሰኔ ላይ አልበሟን አወረድኩ። ለማጫወት ያህል ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ነጭ ደንብ ልብስና ቆብ የለበሱ ልጃገረዶች የተነሱበት ፎቶ አለ። ጀርባው ላይ በእርሳስ «ጎንደር 1964» ይላል። «ይቺ አንቺ ነሽ?» አልኳት። በራሷ አዎ አለች። «ይቺስ፣ ዘመድ ናት?» አይደለም። «ጓደኛ?» ግራ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆየች። ቀጣዩ ፎቶ ላይ በቅሎ አጠገብ ቆማለች፤ በቅሎዋ ላይ ሳጥን ተጭኗል። «ደምቢያ ነው?» አዎ። «ቆላ ድባ?» (ከጎንደር ብዙ የማትርቀው የደምቢያ ከተማ ናት።) በጣም አዎ! ፊቷ በራ። አንድ ሰዓት እንዲሁ ተጫወትን። ቃል የለም፣ ግን ታሪኩ እየወጣ ነበር። ጥያቄውን አዎና አይደለም እንዲባልበት አድርጎ ማቅረብ ብቻ ነው የፈለገው።

ይህንን ሦስት ጊዜ ብቻ አደረግነው። ሦስት ጊዜ! ሁሌም ነገ ነው። ዛሬ እንግዳ አለ፣ ዛሬ ልብስ ይታጠባል፣ ዛሬ ደክሟታል። አንዱንም አልጻፍኩም፣ አልቀዳሁም። ጥር ላይ ሁለተኛው ስትሮክ መጣ። ከዚያ በኋላ አይኗም ፎቶ አይከተልም ነበር።

ድምፅዋስ? ሳትታመም በቴሌግራም በየቀኑ ትልክልኝ ነበር። ስልኬ ሞላ ሲለኝ አጠፋሁት። ደግነቱ ወንድሜ ምንም ነገር የማያጠፋ ሰው ነው። ከእሱ ስልክ ሰላሳ ሁለት መልእክት አገኘን፤ ከሰላሳ ሁለቱ ሃያው «ልጄ፣ ብርድ ነው፣ ደረትህን ሸፍን» ነው። አሁኑኑ ስልካችሁን ክፈቱና የእናታችሁን ድምፅ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ይህን ጽሑፍ ሳትጨርሱ ብታደርጉት ቅር አይለኝም።

ወደ ቀብሩ ልመለስ። ያን ሌሊት ምን ጻፍኩ? የምታውቁትን ነው። «ትሁት፣ ለሰው አዛኝ፣ እንግዳ ተቀባይ የነበረች…» የማንም የሕይወት ታሪክ ላይ ያለው። የተመረቀችበትን ዓመት ገምቼ 1967 አልኩ። ወንድሜ ቆይቶ በላከልኝ መልእክት ላይ የሥራ ቦታዋ ተሳስቷል፣ እሱንም እንዳለ ገለበጥኩት። ጠዋት ተነበበ። ሰው አለቀሰ። ለነገሩ ሰው ማልቀሱ አይቀርም።

ከቀብር ስንመለስ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ ያስነበብሽው የማንን ታሪክ ነው?» አሉኝ።

ፎቶው ላይ ያሉት ጓደኛዋ ናቸው። እማዬ እጇን ደረቷ ላይ ያደረገችላቸው።

«እንግዳ ተቀባይ ማን አለሽ? እንግዳ በሩ ላይ በሳሙና እስከ ክርኑ ሳይታጠብ የማታስገባ! አባ እንኳ ታጥበው ነው የሚገቡት» አሉ። ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስቼ ሳቅኩ። እውነት ነው። ልጅ ሆነን ጓደኞቻችን ቤታችን መምጣት የሚጠሉት ለዚህ ነበር። ይህን እያወቅሁ ነው እንግዳ ተቀባይ ብዬ የጻፍኩት።

ከዚያ ሌላውን ነገሩኝ። አያቴ የሞተችው በ1951ዱ ወባ ነው። ያ ወረርሽኝ ከ1950 ሰኔ ጀምሮ በብዙ የአገሪቱ ክፍል የተነሳው፣ 150 ሺህ ያህል ሰው ፈጀ ተብሎ የሚገመተው ነው። እማዬ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ናት። እኔ የማውቀው «እናቴ በልጅነቴ ሞተች» የሚለውን ብቻ ነው፤ በምን ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። የጎንደሩ የጤና ኮሌጅም የተከፈተው በ1947፣ ደምቢያን ከዚህኛው ቀደም ብሎ የመጣ ሌላ ወባ ከጨረሰው በኋላ ነው። ጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስ (ሕዝቡ መካከል ወርዳ የምትሠራ ነርስ) እና ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ) አንድ ላይ የሚሠለጥኑበት ቤት ነበር። እማዬ ኮሚኒቲ ነርስ የሆነችው እዚያ ነው። የመጀመሪያ ሥራዋን ራሷ መርጣ ወደ ደምቢያ መሄዷን፣ ሌሎቹ ከተማ ለመቅረት ሲጣጣሩ እሷ ቆላ ድባ ካልሆነ ማለቷን፣ ከጓደኛዋ አፍ በለቅሶዋ ቀን ሰማሁ።

በማግስቱ ልጄን ልኬ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አስገዛሁ። ከሁሉ የማልጸጸትበት ሥራዬ ይሄ ነው።

ለቅሶ ቤት ማለት ለካ የሰው መዝገብ ቤት ነው። ሕይወታችሁን ሙሉ የማታዩዋቸው ሰዎች ሦስት ቀን ተራ በተራ ይመጣሉ። ሁሉም አንድ ነገር ይዞ ነው የሚመጣው፤ ካልተያዘ ይዞት ይመለሳል። እኔ ማልቀስ ስለሰለቸኝ ይሁን አላውቅም፣ መጠየቅ ጀመርኩ። «እማዬን የት ነው የሚያውቋት?» ይህ ጥያቄ በቂ ነው። ስማቸውንና ስልካቸውንም ጻፉ፣ ኋላ ትፈልጉታላችሁ። ራሳችሁ ካልቻላችሁ ከቤቱ አንድ የማያለቅስ ጎረምሳ መርጣችሁ ደብተሩን ስጡት። የእኛው የአጎቴ ልጅ ጎበዝ ሆኖ ተገኘ፤ ካርታውን ትቶ ጸሐፊ ሆነ።

አንድ ገበሬ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸው ላይ ያለችውን ጠባሳ አሳዩኝ። የፈንጣጣ ክትባት ነው። «እሷ ናት የወጋችኝ። ሁለት ጫፍ ባላት መርፌ ጠቅ ጠቅ፣ አስራ አምስት ጊዜ፤ እኔ እያለቀስኩ እሷ ትቆጥራለች።» ፈንጣጣን የማጥፋቱ ዘመቻ አገራችን ውስጥ በ1963 ተጀምሮ፣ የመጨረሻው በሽተኛ የተገኘው ነሐሴ 1968 ነው። እማዬ እዚያ ውስጥ ነበረች። እኔ ፈንጣጣ የሚባል በሽታ መኖሩን ራሱ የሰማሁት ትምህርት ቤት ነው።

ሌላው በቅሎዋን ይጎትቱ የነበሩት ሰውዬ ናቸው። ይህ ከ1972 በኋላ፣ የሕፃናት ክትባት ሲጀመር ነው። ሳጥኑ ክትባቱንና በረዶውን የያዘ ነው። አንድ ቀን አምስት ሰዓት ተጉዘው ገበያው ዳር ሲደርሱ ሳጥኑን ከፈተች፤ በረዶው ውኃ ሆኗል። እናቶች ልጅ አዝለው ተሰልፈዋል። ሰውዬው «ማን ያያል፣ ውጊያቸው» አሏት። እሷ አንድ ቃል ሳትመልስ ክትባቱን ደፋችው። ሙቀት የነካው ክትባት ውኃ ነው። ከዚያ እያንዳንዷን እናት እየዞረች ይቅርታ ጠየቀች፣ የሚመለሱበትን ቀን ነገረቻቸው፣ አምስት ሰዓቱን ተመልሰው ሄዱ። «መንገዱን ሁሉ ታለቅስ ነበር» አሉኝ። በሳምንቱ ተመልሳ መጥታለች።

ተማሪዎቿ ደግሞ በሦስተኛው ቀን፣ በሠልስቱ፣ በአንድ ሚኒባስ ሞልተው መጡ። ሁሉም አሁን ሽበታም ናቸው፣ ግን «ሲስተር» ሲሉ ድምፃቸው የተማሪ ነው። መርፌ አወጋግ መጀመሪያ በብርቱካን፣ ከዚያ በራሷ ክንድ ነበር የምታስተምራቸው። አንዱ እጁ ሲንቀጠቀጥ ሦስቴ ስቶ ወግቷታል። «ክንዳቸው አብጦ በማግስቱ በሌላኛው መጡ» አለኝ። ያ እብጠት ትዝ ይለኛል። ቤት ስትገባ ንብ ነደፈኝ ብላን ነበር።

ሰነዶቹ በኋላ መጡ። የቆርቆሮ ሳጥኗ ውስጥ የሥራ መቀጠሪያ ደብዳቤ፣ የዝውውር ደብዳቤዎች፣ የደመወዝ ጭማሪ፣ ሁሉም በቅደም ተከተል ታስሯል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እዚያ ነበረ! ያን ሌሊት በጓዳ ስማስን፣ ሳጥኑ ከተቀመጥኩበት ሁለት ክንድ አይርቅም ነበር። ስለዚህ ገና ሳይቸግር የወላጃችሁ የጡረታ ማኅደርና የቅጥር ደብዳቤ የት እንዳለ እወቁ፣ በስልክ ፎቶ አንሱት። ፎቶግራፎቹ ጀርባ ላይ የሰዎቹን ስም በእርሳስ ጻፉ። እስክሪብቶ ይጫናል፣ ቀለሙም ወደ ፊት ለፊቱ ያልፋል።

ወላጃችሁ ጤነኛ ከሆኑ ደግሞ «እስኪ ታሪክሽን ንገሪኝ» አትበሏቸው። እማዬን ድሮ አንዴ እንደዚያ ብያት «ምን ታሪክ አለኝ» ብላ ቡናዋን ቀድታ ዝም ብላለች። ትንሽ ነገር ጠይቁ። የመጀመሪያ ደመወዝሽን ምን ገዛሽበት? ሥራ ስትሄጂ ጫማሽ ምን ዓይነት ነበር? ማንን ነበር የምትፈሪው? ቡና እየተቆላ፣ ሽንኩርት እየተላጠ ይሻላል፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ ስልክ ደግኖ አይሆንም።

ለአርባዋ አልደረሰልኝም። ለሰማንያዋ ግን አዲሱን ጽሑፍ ጨረስኩት፤ ስድስት ገጽ። ቤት ውስጥ፣ ለቤተሰብና ለጥቂት ወዳጆች፣ ልጄ ነች ያነበበችው። እጅ ማስታጠቡም አለበት፣ ክንድ ማበጡም፣ የቀለጠው በረዶም። ጓደኛዋ ጥግ ላይ ተቀምጠው አይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ልጄ «ጥቁር በቅሎዋን አስከትላ» የሚለው ጋ ስትደርስ ግን አይናቸውን ገለጡ።

«ጥቁር ማን አለሽ?» አሉኝ።

«ፎቶው ላይ እኮ…»

«ፎቶው ነው ጥቁር። በቅሎዋ ቀይ ነበረች።»

ልጄ እርሳሱን አቀበለችኝ።